የእንቁ ወለል

አቶ ፈንታሁን መጀመሪያ ልጅቷን መኪና ውስጥ አስገባት፤ እናቷን ሊፈትን ወደ ቤት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የት አገር አለ? ፍርዱን ጨርሶ ማስረጃውን መፈለግ! ሞላ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይህን አየ፤ ግን ከመካነ ሰላም የመንግሥት ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ምን ብሎ ይመልሰው?

እንቁ የሞላ ታላቅ እኅት ናት። በስልሳ ስድስቱ ረኀብ ባሏን መጠለያ ጣቢያ ቀበረች፤ ሁለት ዓይኗንም እዚያው በሕመም አጣች። የተረፈቻት የስድስት ዓመት ልጇ ሸጋዬ ብቻ ናት። አሁን መስከረም ስልሳ ስምንት ነው፤ ዝናቡ ተመልሷል፤ መንግሥቱም ተለውጧል። አዲሱ ትእዛዝ ደግሞ አሳዳጊ የሌለው ልጅ ሁሉ ደሴ ወዳለው ማሳደጊያ ይግባ የሚል ነው። ሞላ "እኔ አሳድጋታለሁ" ብሎ ነበር። የራሱ አምስት ልጆች በዕርዳታ ስንዴ የሚያድሩ ስለሆኑ ሹሞቹ አልሰሙትም። የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ እንቁ ያለ ሰው እጅ ቤቷን ማስተዳደር እንደምትችል በዓይን መታየት አለበት።

ለዚህ ነበር ሞላ ክረምቱን ሙሉ የለፋው። የአገሩ ቤት ክብ ነው። ክብ ቤት ለሚያይ ሰው ይመቻል፤ እንቁ ግን ግድግዳውን ይዛ ዞራ ዞራ በሩ ሲጠፋባት ባለችበት ቁጭ ትል ነበር። ሞላ ነገሩ የገባው ዓይኑን በነጠላ አስሮ ሦስት ቀን አብሯት ከዋለና ከምሰሶው ጋር ተላትሞ ግንባሩ ካበጠ በኋላ ነው። ቤቱን አፈረሰው። ባለ አራት ማዕዘን አድርጎ፣ መሃል ላይ ምሰሶ ሳያቆም እንደገና ሠራው። ጎረቤቱ "ሞላ ለእኅቱ ሣጥን ሠራላት" እያለ ሳቀበት።

ዋናው ብልሃት ግን ወለሉ ላይ ነበር። ከበሩ እስከ ምድጃው የወንዝ ጠጠር በጭቃው ላይ እየተከለ መንገድ አወጣላት። ከምድጃው እስከ እንስራው ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደረ። ወደ መደቡ የሚወስደውን ደግሞ በእበት አለስልሶ ለቀለቀው። ምድጃውን ዙሪያውን በጉልበት ልክ በጭቃ ከበበው። እንቁ በባዶ እግሯ የት እንዳለች ታውቅ ነበር፤ በሳምንቱ ቤቱ ውስጥ እንደ ድሮዋ ለመሮጥ ጥቂት ነበር የቀራት። ወለሉ ግን ለዓይን ዥጉርጉር፣ የተበላሸ የሚመስል ነገር ሆነ።

ፈታኙ በሚመጣበት ጠዋት ጎረቤቲቱ ይርገዱ መጥታ ወለሉን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ኧረ ሞላ! የመንግሥት ሰው በዚህ ላይ ሊቆም ነው? ምን ይሉናል?"

ሞላ አፈረ። እንቁ ጓሮ ሆና ልጇን ስታጥብ እሱ ረግረጉ ድረስ ወርዶ ቄጠማ አጨደ፤ ለእንግዳ ክብር እንደሚደረገው ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ወፈር አድርጎ ጎዘጎዘው። ያማረ መሰለው። ይርገዱም መረቀችው።

አቶ ፈንታሁን መደቡ ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶውን አወጣ። "ማንም ቃል እንዳይተነፍስ። አንድ ሰው ከመራት ፈተናው ፈረሰ። ወይዘሮ እንቁ፣ እሳት ያንድዱ፣ ሽምብራ ይቁሉ፣ የምጠጣው ውሃ ያቅርቡልኝ።"

"እሺ ጌታዬ" ብላ ገባች።

ቀኝ እግሯ የደጃፉን ድንጋይ ረገጠ። ግራው ቄጠማው ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብላ ቆመች። በጣቶቿ ፈለገች። እርጥብ ሣር ነው። ሌላ ቦታ ሞከረች፤ እሱም ሣር።

ሞላ ያደረገውን ያን ጊዜ አወቀው። አፉን ከፈተ፤ የአቶ ፈንታሁን እስክሪብቶ ወደሱ ቀና ሲል መልሶ ዘጋው።

ግድግዳውን ይዛ ብትሄድ ማዕዘኑ ጋ ትደርሳለች፤ ምድጃው ግን መሃል ላይ ነው። እንቁ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ሦስት፤ ወደ ግራ አዘነበለች። የዘረጋችው እጅ የአቶ ፈንታሁንን ጉልበት ነካ። ሰውዬው አንድ ነገር ጻፈ። እንቁ ተመለሰች፣ አዳለጣት፣ በእጇ መሬት ይዛ ተረፈች። ላብ በግንባሯ ወረደ።

"ይበቃል እናቴ፣ አይልፉ" አለ አቶ ፈንታሁን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ያዘነ ነበር። ውጭ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

"እማ!" አለች ሸጋዬ ከመኪናው ውስጥ።

እንቁ ተንበረከከች። ቄጠማውን በሁለት ክንዷ እየሰበሰበች ወደ በሩ ትገፋው ጀመር። ይርገዱ "ኧረ በማርያም!" ብላ አፏን ያዘች። እንግዳ ሳይነሣ የተጎዘጎዘለትን መጥረግ ውጣልኝ ማለት ነው፤ በዚያ አገር ሰው ከጠላቱ ጋር እንኳ እንዲህ አያደርግም።

"ጌታዬ፣ እግርዎን ያንሡልኝ" አለች እንቁ።

"ምን እየሠሩ ነው?"

"ቤቴን እየፈለግሁ።"

አቶ ፈንታሁን አይጥ እንዳየ ልጅ ሁለት እግሩን መደቡ ላይ ሰቀለ። እንቁ ሣሩን እየታቀፈች ውጭ ጣለችው። ከዚያ ተነሥታ በእግሯ ዳሰሰች። ጠጠሩን አገኘችው።

ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልነበረም። በጠጠሩ ላይ ሄዳ ምድጃው ጋ ደረሰች፤ ከአመዱ ሥር ፍም አውጥታ እፍ አለችው። ሽምብራውን ምጣድ ላይ አድርጋ ጆሮዋን አዘነበለች፤ ሲንጣጣ ቆላች፣ ድምፁ ሲለወጥ አወረደች። አንድም ፍሬ አላረረባትም። የጠፍጣፋውን ድንጋይ መንገድ ተከትላ እንስራው ጋ ሄዳ ጣቷን ጣሳው አፍ ላይ አድርጋ ውሃ ቀዳች። አቶ ፈንታሁን ጉሮሮውን ሲጠርግ በድምፁ ሄደችና አቀበለችው።

ሰውዬው ጠጣ። ሽምብራውን ቆረጠመ። ወለሉን ረጅም ጊዜ አየው፤ ቀድሞ የጻፈውን ሰረዘና ወደ ውጭ ተጣራ።

"ልጅቷን አውርዳት!"

መኪናው ሲሄድ ሞላ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅስ ነበር። ይርገዱ እንቁ እግር ሥር ወደቀች። "እትዬ፣ ይማሩኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ወላሂ ለክብር ብዬ ነው።"

ሞላ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር።

"እኔ ነኝ እትዬ" አለ። "ያጨድኩትም የጎዘጎዝኩትም እኔ ነኝ። ወለሉ ያስጠላል ብዬ አፈርኩ።"

እንቁ ልጇን በጉልበቷ መሃል ይዛ ከራሷ እስከ እግሯ ትዳስሳት ነበር። እጇን አላቋረጠችም።

"እኔ አላየው" አለች። "ሸጋዬ አልጠላችው። ታዲያ ለማን ብለህ ነው ሞላ፣ ልጄን ልታስወስድብኝ የነበረው?"

ሞላ ጎንበስ ብሎ ጠጠሩ ላይ የቀረውን ቄጠማ ይለቅም ጀመር።