ውሃው የመጣበት በኩል

ጎርፍ ያጥለቀለቀው ታችኛው ሰፈር እርዳታ ሳይደርስ ወሬ ቀድሞ ደረሰ። የግድቡ በር ተከፍቶ ነው ጎርፉ የመጣው ተባለ። ይባስ ብሎ የግድቡን በር የሚከፍትና የሚዘጋው ሰውዬ፣ ሁሉም «ባለመዘውሩ» የሚለው፣ ሰክሮ ነው የለቀቀው ተባለ። አንድ የዜና ገጽ ድፍርስ ውሃ ከግድብ ሲንዶለዶል የሚያሳይ ቪዲዮ ለጠፈ። ያን ዕለት ባለመዘውሩን ከቤቱ ጎትተው አውጥተው ደበደቡት። ነፍሱ ሳይወጣ ፖሊስ ደርሶ ሆስፒታል አስገባው።

እሷ በአንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ወሬ የምታጣራ ጋዜጠኛ ናት። እውነትነቱ ያጠራጠረ ነገር ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ስለሚጣል ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። አለቃዋ ይሄኛውን ለሌላ ሰው ሊሰጥባት ፈልጎ ነበር፤ ጎርፉ ከወሰዳቸው አንዷ የታላቅ ወንድሟ ልጅ ናትና። ወንፊት እምቢ አለች።

«ሌላ ሰው ቢሠራው ወንድሜ አያምንም» አለችው።

እውነቱን ለመናገር፣ ባለመዘውሩ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ ደስ ይላት ነበር። የምትጠላው ሰው አጥታ ነበር የሰነበተችው።

ቪዲዮው ብዙ አላለፋትም። ውሃው የሚወጣው ከሦስት በሮች ነው፤ የእነሱ ግድብ ያለው ሁለት በር ብቻ ነው። ሌላ ቦታ፣ ከዓመታት በፊት የተቀረጸ ነው። ቪዲዮው ውሸት መሆኑ ግን ግድቡ አለመከፈቱን አያሳይም። ስለዚህ የጣቢያውን መኪና ለምና ግድቡ ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ወንዙን ይዛ በእግሯ ወረደች። ወንዙ ዳር የተተከለው ሰላጣና ቀይ ሥር እንዳለ ቆሟል፤ ቅጠሉ ላይ ጭቃ የለም። ከግድብ የተለቀቀ ውሃ ይሄን ሁሉ አትክልት ዘሎ ሰፈር ውስጥ ሊወርድ አይችልም።

ታችኛው ሰፈር ስትደርስ ግንቡ ጋ ቆመች። ሰፈሩን ከወንዙ የሚለየው ረጅም የድንጋይ ግንብ ነው፤ ወንዙ አንድ ክረምት ሞልቶ ካስደነገጣቸው በኋላ ነዋሪዎቹ ተባብረው ያሠሩት። በወንዙ በኩል ግንቡ ላይ የቀረው የጭቃ ምልክት ከጉልበቷ አላለፈም። በቤቶቹ በኩል ከራሷ በላይ ነው። ከሰፈሩ ጀርባ፣ ከኮረብታው ጀምሮ፣ ሣሩ በሙሉ ወደ ቤቶቹ ተጋድሟል።

ውሃው የወረደው ከኮረብታው ነው። ወርዶ ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ ግንቡ አገደው፤ ሰፈሩም እንደ ገንዳ ሞላ። ግንቡ ሥር አንድም የውሃ ማውጫ የለም።

ግንቡን የገነባው ወንድሟ ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ግድቡ አልተከፈተም ብለን ብቻ እናውጣው» አለችው አለቃዋን፣ ቢሮ ተመልሳ።

«ታዲያ ውሃው ከየት መጣ ሲሉሽ ምን ልትይ ነው?»

«አልታወቀም እላለሁ።»

«እያወቅሽ?» ብዕሩን አስቀመጠ። «ሌላ ምክንያት ካልሰማ ሰዉ ያንን ሰውዬ አይለቀውም። ሆስፒታሉ በር ላይ እየተሰበሰቡ ነው። መጀመሪያ ወንድምሽን አናግሪው፤ ከምሽቱ ዜና ግን አይለፍ።»

ወንድሟን የተጠለለበት የዘመድ ቤት አገኘችው። ክፍሉ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ አንዱ ጎረቤት ስለ ባለመዘውሩ ስካር ያወራል። ወንድሟን ወደ ጓሮ ይዛው ወጣች።

«ወንድምጋሼ፣ ግድቡ አልተከፈተም።»

«ማን አለ?»

«እኔ። ሄጄ አይቻለሁ።»

በፋሻ የተጠቀለሉ ጣቶቹን አየ። ልጁን ጭቃ ውስጥ ሲፈልግ የቆሰሉ መስሏት ነበር።

«ከኮረብታው ነው» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ከሥራ ስመለስ ግንቡ ማዶ ነበርኩ፣ በወንዙ በኩል። በውስጥ በኩል ውሃው የያዛቸው ሰዎች ድንጋዩን ሲደበድቡ ይሰማኛል። ድንጋይ ነቅዬ ውሃውን ላስተነፍሰው ሞከርኩ። እንዳይነቀል አድርጌ ነው የሠራሁት።»

ትከሻውን ልትይዘው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«ሰውየው ሲደበደብስ?»

«እዚያው ነበርኩ። እጄን አላነሳሁበትም።»

«አላስቆምካቸውም።»

«አላስቆምኩም። የእሱን ስም ሲጠሩ ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «የልጄ እናት ከሬዲዮ እንዳትሰማው። እስከ ነገ ታገሺኝ።»

«እስከ ነገ ሰውየውን ይገድሉታል፣ ወንድምጋሼ። ማታ ይወጣል።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ሊነግራቸው ገባ። ወንፊት ጓሮ ቆማ ጩኸት ጠበቀች። ምንም አልተሰማም። ብቻ ለቀስተኞቹ አንድ በአንድ እየወጡ፣ እሷን ሳያዩ፣ በአጠገቧ አለፉ። ሚስቱ የዚያኑ ዕለት ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

ዜናው ማታ ወጣ። የገንቢው ማንነት አልተጠቀሰም፤ ሰፈሩ ግን የማን ሥራ እንደሆነ ሳይነገረውም ያውቃል። ሬዲዮ ጣቢያው ተገዝቷል ያሉ ነበሩ። የዜና ገጹ ይቅርታም ሳይጠይቅ ቪዲዮውን አነሳ። ግንቡ ሲያልቅ ወንድሟን ያቀፉት ሰዎች ድሮም አላማረንም ነበር ማለት ጀመሩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ የነበሩት ሲበተኑ ወንፊት ባለመዘውሩን ልትጠይቀው ገባች። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። የቀረችው አብጣ በጠባቡ ታያለች። ግንቡን የሠራው ወንድሟ መሆኑን ራሷ ነገረችው።

«እኔን በሬዲዮ አስጣልሽኝ» አለ፣ ቃላቱን እየጎተተ። «እሱ ጋስ አሁን ማን አለ?»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ መሮጥ ጀመረች።

ወንድሟ የዘመዱን ቤት ለቆ ወደ ራሱ ቤት ተመልሶ ነበር። መስኮቱ በድንጋይ ረግፏል። እሱ ጭቃው ባልደረቀ ወለል ላይ ጀርባውን ለተከፈተው በር ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ለምን አልቆለፍክም?»

«ይምጡ።»

በሩን ቆልፋ፣ የመስታወቱን ስብርባሪ በእግሯ ገፋ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። ያን ቀን የመጣ ሰው አልነበረም። በኋላ የተረፈችውን ዕቃ ጭና እሷ ቤት አስገባችው። ወደ ግንበኝነቱ አልተመለሰም፤ ባለመዘውሩም ወደ ግድቡ።