ኡመይር በሳጥን ውስጥ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰርቦ፣ እማማ ዙቤይዳ ደጃፍ ላይ የነበርነው እኔ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሀምዳንና ባልደረቦቹ ነን። የለስላሳ መጠጥ አከፋፋዩ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስና የእማማ ዙቤይዳ ልጅ ኡመይር ዘግይተው ደረሱ።

ኡመይር ጅማ ውስጥ የጊንጆ ሰፈር እግር ኳስ ቡድን አጥቂ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ሊያስፈርመው ጠርቶታል። እናቱ ግን «ዱዓ ሳላደርግልህ ከጅማ እንዳትወጣ» ብለውታል። እሱም ያለ እናቱ ዱዓ ሜዳ እንኳ ገብቶ አያውቅም።

እኔ የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ኡመይርን ጠርሙስ አስይዤ በሜዳው አጥር ላይ እንድስለው አዘዘኝ። ልጁ ገና ሳይፈርም ፊቱ ከመጠጡ ስም ጋር በየኪዮስኩ ተለጥፎ ስለነበር ነገሩ አናደደኝ። በአፌ መናገር ስለማልደፍር በቀለም ተናገርኩ። ትልቅ የለስላሳ ሳጥን ሣልኩና በጠርሙሶቹ ቦታ ኡመይርን ደረደርኩት። ሮዝ ኡመይር፣ አረንጓዴ ኡመይር፣ ቢጫ ኡመይር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሳቅ፣ ሁሉም አናቱ ላይ ቆርኪ። ከስሩ «ባዶውን ይመልሱ» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ይቆጣል ስል እየሳቀ ጭኑን መታ። «አንተ ዝምተኛ! ይሄ ሁሉ ጭንቅላት የት ነበር? በቲሸርት ይታተም!»

ኡመይር ግን ጠጋ ብሎ «የሰደብከው እኔን ነው እሱን?» አለኝ።

«እሱን።»

«እሱማ እየሳቀ ነው።»

ቅዳሜ ቲሸርቱን ለብሰን ለዱዓው ወደ ሰርቦ ተነሳን። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ኡመይርን በራሱ መኪና ሊያመጣው አስቀረው። «አንተ ከኋላ ትደርሳለህ። እናትህ መጀመሪያ ቲሸርቱን ይዩ፣ ከዚያ አንተ ዱብ! ቪዲዮው ያምራል።»

ባጃጆቹ መብራት አብርተው ተሰልፈው ሄዱ። ማናችንም አላሰብነውም እንጂ እኛ ዘንድ የሰው ፊት የታተመበት ቲሸርት ለብሶ እንዲህ የሚሰለፈው ጓደኛ ሲሞት ነው። ባለፈው ክረምት ጓደኛችን ኤልያስ አሰንዳቦ መንገድ ላይ ባጃጁ ተገልብጦ ሲሞት እኛው ራሳችን እንዲያ ሸኝተነዋል።

እማማ ዙቤይዳ በር ላይ ቆመው ደረታችንን አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም ላይ ልጃቸው አለ። እሱ ራሱ የለም።

«ኢና ሊላሂ…» አሉ፣ ሰው ሲሞት የሚባለውን። «ኢልማ ኮ! ልጄን! ልጄን የት ጣላችሁት?»

«ኧረ እማማ፣ ደህና ነው! እየመጣ ነው!» ሀምዳን ጮኸ። አልሰሙትም። መሬት ላይ ወደቁ። ጎረቤቱ እየጮኸ ወጣ። እኔ ደረቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

መኪናው ደረሰ። ኡመይር ዘሎ ወረደ። «ሀርሜ! እናቴ! ይኸው አለሁ!»

እሱም ያንኑ ቲሸርት ለብሷል። እሳቸው ፊቱን ዳሰሱት፤ ዞረው እኛን አዩ፤ መልሰው እሱን አዩ።

«አንተ የትኛው ነህ?» አሉት።

ቲሸርቱን ቀዶ ጣለው። ያኔ አቅፈውት አለቀሱ። ሲረጋጉ ስለ ዱዓው ጠየቃቸው።

«ዛሬ ቀብሬሃለሁ ልጄ። ደግሜ አልሸኝህም።»

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ስልኩን እንደደቀነ ይቀርጽ ነበር።

እሑድ ጠዋት የእማማ ዙቤይዳ ለቅሶ ቲክቶክ ላይ ወጣ፤ ከስሩ የመጠጡ ስም ተጽፎበታል። ቲሸርቱ በዚያው ቀን ተሸጦ አለቀ። ኡመይር አዲስ አበባ አልሄደም።