የቀኙ መስታወት

ታየች ልጇ ኢታይ እስራኤል ውስጥ የተሳቢ መኪና ሪሽዮን፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊያወጣ መንዳት እየተማረ መሆኑን የሰማችው ከሰው አፍ ነው። ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል አብራት የምታጸዳ ሴት፣ «ልጅሽን በዚያ ግዙፍ መኪና ላይ አየሁት፤ እንዴት አምሮበታል መሰለሽ!» ብላ አበሰረቻት። ታየች መወልወያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ባሏን አለልኝን የገደለው ተሳቢ ነበር። በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄድ፣ ራምዞሩ፣ የትራፊክ መብራቱ፣ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ተሳቢ ከጎማው ሥር ከተተው። ሹፌሩ ቢሆነኝ የአገሯ የጎንደር ሰው ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ፣ «ስታጠፍ አላየሁትም» አለ። ታየች አላመነችውም። ያን የሚያህል መስታወት ይዞ እንዴት አያይም? ለልቅሶ ሲመጣም ከደጅ አስመለሰችው። ከዚያ ወዲህ ባሏን ባሰበች ቁጥር እሱን ትረግማለች፤ መርገሙ ከማልቀስ ይቀላት ነበር።

ኢታይ ቤት ሲገባ ቆማ ጠበቀችው።

«አባትህን በበላው መኪና እንጀራ ልትበላ ነው?»

ልጁ ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። «እማ፣ እኔም ጠልቼው ነው የጀመርኩት። እንዴት እንደሞተ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ነይና ላሳይሽ።»

ዓርብ ጠዋት ነስ ጺዮና ከተማ ዳር ወዳለው የመለማመጃ ሜዳ ወሰዳት። አስተማሪው ኢላን ክንዷን ደግፎ ጋቢና አወጣትና መሪው ፊት አስቀመጣት። መኪናው ለመታጠፍ ወደ ቀኝ ጠምዘዝ እንዳለ ቆሟል፤ ተሳቢው ከኋላው ገና አልዞረም። ኢታይ ከታች ሆኖ በቀኝ በኩል ዞረ።

«ይታይሻል?» አላት ኢላን በዕብራይስጥ።

ታየች የቀኙን መስታወት አየች። የተሳቢው ጎን ብቻ ሞልቶታል። አንገቷን አሰገገች፤ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«የት ሄደ?»

«እዚሁ ነኝ፣ እማ!» ድምፁ ከበሩ ሥር መጣ። ቆርቆሮውን በእጁ መታ መታ አደረገው።

«የኋላው ጎማ የፊቱን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ነው የሚያልፈው» አለ ኢላን ቀስ ብሎ። «እዚያ የተገኘ ሰው መሸሻ የለውም።»

ታየች መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሰውየው አልዋሸም ነበር።

እሑድ ከሥራ ስትወጣ ከሄርዝል ጎዳና ጀርባ ወዳለው የቢሆነኝ ቤት ሄደች። ከዚያ አደጋ በኋላ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ጸጉሩ ሸብቷል። በሩን ሲከፍት እሷ መሆኗን አይቶ አንገቱን ደፋ።

«ላስቀይምህ አልመጣሁም» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «ልጄ መኪናው ውስጥ አስቀምጦ አሳየኝ። ከዚያ ላይ ሰው አይታይም። ዋሸ ብዬ ስረግምህ ኖርኩ። አላየኸውም።»

ቢሆነኝ ሶፋውን አሳይቷት እሱም ከጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ስታጠፍ አላየሁትም፤ እሱ እውነት ነው። ራምዞሩ ቀይ ሳለ ግን አይቼዋለሁ። ከሩቅ በብስክሌት ሲመጣ በመስታወቱ አይቼዋለሁ። አረንጓዴ ሲበራ ገና አልደረሰም ብዬ ታጠፍኩ። እንደገና አላየሁም። አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አይቼ ቢሆን ኖሮ…»

«ለምን ነገርከኝ?» አለች ታየች። «አሳርፌህ ልሄድ ነበር እኮ።»

«ለዚያ ነው የነገርኩሽ። አላየኸውም ስትይኝ መሸከም አልቻልኩም።»

ይቅር ልትለውም ልትረግመውም አፏ አልታዘዝ አላት። ሁለቱም አንድ ሶፋ ላይ፣ መካከላቸው ቦታ ትተው፣ እስኪበቃቸው አለቀሱ። ሲመሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እሱም እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛት።

ሰውየው ምን እንዳላት ኢታይ ሲጠይቃት ምንም ሳትደብቅ ነገረችው። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። ለተወሰነ ጊዜ ልምምዱን ተወ፤ በኋላ ግን ተመለሰ። ፈተናውን አልፎ ዛሬ ከወደብ ዕቃ ያመላልሳል። ታየች መኪናው ላይ ዳግመኛ አልወጣችም። ቢሆነኝንም አልፎ አልፎ መንገድ ላይ ታገኘዋለች፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ተሰጣጥተው ይተላለፋሉ።