በብሮሹሩ ያልተጻፈ ጉድለት

ኤክሃርት ቲደማን ወደ ሞቃት ደሴት የሚሄደው ለማረፍ አልነበረም፤ ለመመርመር ነበር። በጀርመኗ ሃኖቨር ከተማ ውስጥ በአንድ የመድን ድርጅት ሠላሳ አራት ዓመት የጉዳት ገማች ሆኖ ሠርቷል። የፈነዳ ቧንቧ፣ የተቃጠለ ወጥ ቤት፣ ጎርፍ የገባበት ምድር ቤት ሲያይ ኖሮ በክብር ጡረታ ወጣ። ዓይኑ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። ሌላው ሰው ደሴት ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፤ ኤክሃርት ሜትሩን ያወጣል።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የአገሩ ሰዎች የመዋኛ ዳር ወንበር በፎጣ ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ፣ እሱ ከአልጋው ራስጌ እስከ ባሕሩ ጠርዝ ይለካል። የብረት ሜትሩ ሲሳብ ይፋጫል፣ ሲለቀቅ ጯ ብሎ ይሰበሰባል። የሆቴሉ ብሮሹር «ባሕሩ ደጃፍዎ ላይ» ብሎ ሜትሩ አርባ ሦስት ካለ፣ ቁጥር አንድ ጉድለት ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ የድምፅ መለኪያውን ይዞ በረንዳው ላይ ይገተራል። ምግብ ከቀረበ በኋላ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ እስኪነሣ ድረስ ማንም ሹካ አይነካም። ማታ ሙዚቃው ሲጀመርና ሌላው ሁሉ ለዳንስ ሲነሣ፣ እሱ የቀኑን ጉድለት በቁጥር በቁጥሩ ይጽፋል፤ ሚስቱ ሃይድሩን ከግርጌው ትፈርማለች። ምስክር ናት። እንዲህ ያለው ሰው በጀርመን አገር ብርቅ አይደለም። ለየትኛው የዕረፍት ጉድለት ከተከፈለው ዋጋ ስንት በመቶ እንደሚመለስ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያለበት አገር ነው፤ ኤክሃርት ደግሞ ሰንጠረዡን በቃሉ ይወጣዋል።

ሃይድሩን ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሕር ትወዳለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ዓሣ ትዋኛለች። በሃያ ስድስት የዕረፍት ጉዞ ግን ባሏ አንድ ቀን እንኳ አብሯት ውሃ ገብቶ አያውቅም። ምክንያት አጥቶም አያውቅ። አንድ ዓመት የሚያቃጥል የባሕር እንስሳ ታየ ይላል፣ ሌላ ዓመት ምግብ ከበላሁ ገና ሰዓት አልሞላኝም ይላል፣ ሌላ ዓመት ደግሞ ልኬቱ አላለቀም። እሷ ከማዕበሉ መሀል እጇን ስታወዛውዝለት፣ እሱ ከጥላው ስር ሆኖ መልሶ ያወዛውዝላታል። ከዚያ አቀርቅሮ ይጽፋል።

በመጪው መጋቢት ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት ይሞላቸዋል። ሃይድሩን በገና ሰሞን፣ የዝይ ጥብሱን እየቆረጠች፣ ለራሷ ቆርጣ ጨርሳ ነበር። ይህ የሠላሳኛ ዓመት ጉዞም በሜትር ተጀምሮ በፊርማ የሚያልቅ ከሆነ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር የምትሄደው የመጨረሻ ጉዞ ይሆናል። ከጉዞውም አልፎ ትዳሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ለኤክሃርት ግን ትንፍሽ አላለችም። እሱም ጉዞውን ማቀድ ጀመረ።

የኤክሃርት ዕቅድ እንዲህ ነው። አሥራ አራት ደሴቶች መረጠ፤ ለእያንዳንዳቸው ቦክስ ፋይል ከፈተ፤ ከዚያ እንግዶች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን አስተያየት እያነበበ መሰረዝ ጀመረ። አንዱን፣ ከዶርትሙንድ የሄደ ሰው «ወፎቹ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምረው ይጮኻሉ» ስላለ ሰረዘው። አንዱን፣ «አሸዋው ከመጠን በላይ ነጭ ነው፣ ዓይን ይወጋል» ስለተባለ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስብበት ሰነበተና ሰረዘው። አንዱን ደግሞ አንድም ሰው ክፉ ስላልተናገረበት ሰረዘው።

«ቅሬታ የሌለው ቦታ?» አለ ያን ጊዜ። «የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው እንጂ!»

ጥር አጋማሽ ላይ፣ በአንድ ዝናባማ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ አገሩ ሁሉ ለቡናና ለኬክ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ሦስት ደሴት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሃይድሩን የፕሪም ኬክ ቆርሳ አቀረበች። ኤክሃርት ላፕቶፑን ከኬኩ አጠገብ ደግፎ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ያነባል።

«ስሚ፣ ስሚ ይቺን!» አለ ድንገት። «ሰዎች የዕረፍት ቅሬታቸውን የሚጽፉበት ገጽ ላይ ነው ያገኘኋት። ስሟን አልጻፈችም፣ ‹አንዲት እንግዳ፣ ከሰሜን ጀርመን› ነው የምትለው። ደሴቱንም አልጠቀሰችም፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነው ብቻ። አጻጻፏን ግን ብታይው! በቁጥር፣ በሥርዓት፣ አንድ ትርፍ ቃል የለበትም። እንደዚህ የሚጽፍ ሰው አለ ለካ በዚህ አገር።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

«ጉድለት አንድ፦ በክፍሉ ውስጥ በየጠዋቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ብረት የሚፋጭ ድምፅ ይሰማል።»

የሃይድሩን ሹካ አየር ላይ ቆመ። የራሷ ጽሑፍ ነው። ባለፈው ዓመት ከሞሪሸስ በተመለሱ በሳምንቱ፣ ኤክሃርት ጥርስ ሐኪም ዘንድ በሄደበት አንድ ማክሰኞ፣ በንዴት የጻፈችው ነው። በእሱ ቅጽ፣ በእሱ ቋንቋ። ጽፋ ስትጨርስ ስቃ ነበር፣ ከዚያ ትንሽ አልቅሳ ሽንኩርት ልትልጥ ሄዳ ነበር። እነሆ አሁን ባሏ በራሱ ድምፅ፣ በታላቅ አክብሮት እያነበበላት ነው።

«ግንባታ!» አለ ኤክሃርት ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ። «አጠገቡ ሌላ ሕንፃ እየሠሩ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት! ሰው ሊያርፍ ሄዶ! ሃያ አምስት በመቶ፣ ያለ ክርክር።»

«ግንባታ ይሆን?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ጉድለት ሁለት፦ ከበረንዳው ወደ ባሕሩ ያለው እይታ በአሥራ አንዱ ቀን ቆይታ ሁሉ ተጋርዶ ነበር። በቃ፣ ምሰሶ ነው። ወይ የውሃ ታንከር። ለብሮሹሩ ሲያነሡት ከጎን ዞረው ነው የሚያነሡት፣ እነዚህ ቀጣፊዎች።»

«ምናልባት የሚንቀሳቀስ ነገር ቢሆንስ?» አለች ሃይድሩን ኬኩን እያየች።

«ሙሉ አሥራ አንድ ቀን የተገተረ ነገር አይንቀሳቀስም፣ ሃይዲ። ጉድለት ሦስት፦ ምግብ ቀዝቅዞ ካልሆነ በቀር ተበልቶ አያውቅም። ወጥ ቤቱ ሩቅ ነው ማለት ነው። ጉድለት አራት፦ በብሮሹሩ የተገለጸው የማታ ዳንስ ለእንግዳዋ አልደረሳትም። ዳንስ እንኳ! ይሄ ግልጽ ማጭበርበር ነው።»

ሃይድሩን መሳቅ ፈለገች፣ ግን ሳቁ አልመጣ አላት። እንዲህ አፍጦ፣ እንዲህ ጆሮውን ሰጥቶ የሷን ብሶት ሲያደምጥ አይታው አታውቅም። አሁንም የሷ መሆኑን ሳያውቅ ነው የሚያደምጠው።

«ጉድለት አምስት» አለ፣ ድምፁም ዝግ አለ። «በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ለእንግዳዋ የተነገራት ቃል ‹እዚህ ጋ ፈርሚ› የሚል ብቻ ነው።»

ኤክሃርት መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄስ ያሳዝናል» አለ። «እውነቴን ነው። ሴትዮዋን አንድ ሰው እንኳ ‹እንዴት ዋልሽ› አላላትም። ሰው ናት እኮ፣ ሻንጣ አይደለችም። ብቻዋን የሄደች ትመስላለች፣ ምስኪን።»

ሃይድሩን ተናደደች፤ ተራ ንዴት አልነበረም፣ ቅናትም ነበረበት። ሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ርኅራኄ መጥቶ መጥቶ ለማይታወቅ ሴት ተሰጠ፤ ይባስ ብሎ ያቺ ሴት ራሷ ናት።

«እና ምን ማድረግ ነበረባት ትላለህ?» አለችው። «አንተ ብትሆን ምን ትመክራታለህ?»

ከኤክሃርት ምክር መጠየቅ በር ከፍቶ ማስገባት ነው። ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ስሕተቷ ምን መሰለሽ? ከተመለሰች በኋላ ነው የጻፈችው። ዋጋ የለውም! ጉድለት ያገኘ ሰው እዚያው በቦታው፣ ለሚመለከተው ሰው፣ ፊት ለፊት፣ ግልጽ በሆነ ቃል ማስታወቅ አለበት። የማስተካከያ ጊዜ ገደብም ይሰጣል። አሥራ አንድ ቀን ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው። ሕጉ እንዲህ ነው።»

«ዝም ካለች ተስማምታለች።»

«አዎና።»

«አስታውቃ፣ ገደቡ ደርሶ ባይስተካከልስ?»

«ያኔማ ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ውሉን ማፍረስ ትችላለች። ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ማንም አይይዛትም።» ኬኩን ቆረሰና ጎረሰ። «ስድስተኛ ደግሞ አለ። ጉድለት ስድስት፦ እንግዳዋ ባሕሩ ውስጥ ሁልጊዜ ብቻዋን ነበረች። ይሄኛው እንኳ ውድቅ ነው። ሰው ያልበዛበት ባሕር ጥቅም እንጂ ጉድለት አይባልም።»

«ዋናው ጉድለት እሱ ነው» አለች ሃይድሩን።

«አይደለም እንጂ፣ ሰንጠረዡ ላይ...»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ኤክሃርት።»

ኤክሃርት ማኘኩን አቆመ። ወደ ስክሪኑ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ እንደገና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። የሚፋጨው ብረት ምን እንደሆነ፣ በረንዳው ላይ የተገተረው ማን እንደሆነ አንድ ባንድ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ሃይድሩን ተነሥታ ቆመች። እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ የሚነገር አልመሰላትም።

«ባልከው መሠረት እያስታወቅኩህ ነው» አለች። «ለሚመለከተው ሰው፣ ፊት ለፊት፣ ግልጽ በሆነ ቃል። ሃያ ስድስት ጊዜ ባሕር ድረስ ወስደኸኛል፤ ሃያ ስድስት ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ደክሞኝ ነው። ገደብህ ሠላሳ ዓመት የምንሞላበት መጋቢት አሥራ አራት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ የትኛውም ደሴት ይሁን ግድ የለኝም፣ አሸዋው ነጭ ይሁን ጥቁር ግድ የለኝም። ከኔ ጋር ውሃው ውስጥ ትገኛለህ።»

ኤክሃርት የገማችነት ልማዱ ቀድሞት ወጣ። «ማስረጃ...» አለና ራሱ አፈረ። የሃያ ስድስት ጉዞ የፎቶ አልበም ከኋላው መደርደሪያው ላይ ተኮልኩሏል፤ ከሰሐን ፎቶ በስተቀር ምንም የለበትም።

«ሌላውን ሁሉ አስተካክላለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሜትሩን ቤት እተወዋለሁ። ምግቡን ትኩሱን እንበላለን። ዳንሱም ይሁን፣ እግርሽን እረግጥብሻለሁ እንጂ ይሁን። ስድስተኛውን ግን... ስድስተኛው አይሆንም።»

«ለምን?»

ኤክሃርት የኬኩን ፍርፋሪ በጣቱ ይሰበስብ ጀመር።

«ለምንድነው የማይሆነው፣ ኤክሃርት? ዘንድሮ ደግሞ ምን ታየ ልትለኝ ነው?»

«አልችልም።»

«ምን ማለት ነው አልችልም?»

«ዋና አልችልም» አለ ኤክሃርት ቲደማን፣ የስድሳ አምስት ዓመቱ ሰው፣ ለኬኩ የሚናገር ይመስል። «አልችልም፣ በቃ። ልጆች ሆነን ክፍሉ በሙሉ ተምሮ ዋና ለቻለ ልጅ የሚሰጠውን ምልክት ቁምጣው ላይ ሲያሰፋ፣ እኔ ገንዳው ጫፍ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። አስተማሪው ከኋላ ገፋኝ። ከዚያ ወዲህ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ደርሶብኝ አያውቅም። አንቺ ደግሞ መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን ስለ ባሕር ነበር የምታወሪው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ምን ልበልሽ? በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። በኋላ ደግሞ የሆነ ነገር መለካት ነበረብኝ።»

ሃይድሩን ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ አልጋ ተኝታለች፤ የሚፈልገውን የሾርባ ሙቀት በዲግሪ ታውቃለች፤ ይህን አታውቅም። ንዴቷ አልሄደም፣ ግን ለምን ብላ እንደተናደደች መሀል ላይ ጠፋባት።

«ይሄ ጉድለት በብሮሹሩ ላይ አልነበረም» አለችው።

«አልነበረም» አለ። «ደብቄዋለሁ። ሙሉ በሙሉ የኔ ኃላፊነት ነው።»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ኤክሃርት ጥፋተኛ መሆኑን ያለ ክርክር ሲያምን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሃይድሩን እጁን ያዘችው፤ እጁ ቀዝቅዟል፣ የኬክ ፍርፋሪ አለበት።

«የከተማው መዋኛ ረቡዕ ረቡዕ ለጀማሪዎች ያስተምራል» አለች። «እኔ አብሬህ ውሃው ውስጥ እቆማለሁ። ማንም አይገፋህም።»

«የአምስት ዓመት ሕፃናት ናቸው እኮ የሚማሩት! ይስቁብኛል።»

«ይስቁ። ስምንት ሳምንት አለህ።»

«ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በቀን አርባ አምስት ደቂቃ...» ብሎ ኤክሃርት እስክሪብቶ አነሣ። ሃይድሩን ከእጁ ወሰደችበት።

«የዋና ቁምጣ አለህ?»

«አለኝ» አለ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሰማያዊ ነው። በያመቱ ሻንጣዬ ስር አደርገዋለሁ። የዋጋ ወረቀቱ ገና አልተቆረጠም።»

ሃይድሩን መቀስ ልታመጣ ተነሣች።