ወደ ጅዳ የሚሄደው ፎቶ

ሳጂዳ የእህቷን ጉንጭ ትንሽ አጠቆረችው። ከወንበሩ ራቅ ብላ ስክሪኑን አየችና ግንባሩንም ደገመችው። ማንም አይነቃም፤ ፎቶ ሲጠቁር ሰው የሚወቅሰው መብራቱን ነው።

ቦሌ መንገድ ላይ ባለው የአቶ ገረመው ፎቶ ቤት ኮምፒዩተር ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ማውዙን የምትይዘው ሳጂዳ ብቻ ናት። ሙሽሮች «ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» ይሏታል፤ ታቀላለች። አክስቶች ከኋላዋ ቆመው «አንገቷ ጋ ጨምሪበት እንጂ» እያሉ ያዟታል። ስንቷን ጠይም ቀይ አድርጋ ድራለች፤ እሷን የዳራት ግን የለም።

ባለፈው ሳምንት መገናኛ ቤታቸው ሽማግሌ መጣ። ጅዳ የሚሠራ ሱፍያን የሚባል የወሎ ልጅ ዘመዶች ናቸው። አባቷን አቶ አብዱልጀባርን ልጅዎን ለልጃችን አሏቸው፤ የትኛዋን ሲባሉም ቀይዋን አሉ። ሳጂዳ ሻይ ይዛ ስትገባ ሰማች። ታላቅ ቁጭ ብላ ታናሽ አትዳርም ሲባል የኖረው ወግ በአንድ ከሰዓት ተረሳ። እናቷ ዘሃራ ጓዳ ጠርታ ቅር እንዳይላት ስትለምናት ሳጂዳ ጥርሷን አሳይታ ደስ ብሎኛል አለች።  ይባስ ብሎ ሱፍያን የታናሿን የኑራን ፎቶ ፈለገ። ዛሬ ማታ የምትበረው አክስቱ በእጇ ልትወስድለት ነውና አሳምሮ ማውጣቱ በሳጂዳ ላይ ወደቀ።

አቶ ገረመው ጠዋት ጠዋት ማተሚያውን የሚሞክሩት በሳጂዳ ፎቶ ነው፤ የእሷ መልክ በትክክል ከወጣ የሁሉም ይወጣል ባይ ናቸው። ሳጂዳ ያንን ፎቶ ከፈተች። ከራሷ ጉንጭ ቀለም ቀዳችና በኑራ ፊት ላይ አዳረሰችው። ቀይዋ እህቷ መጀመሪያ ጠየመች፣ ቀጥሎ ጠቆረች። ሳጂዳ ደስ አላት፤ እንዴት ደስ እንዳላት ያየ ሰው ቢኖር ያፍርላት ነበር።

ማተም ስትጀምር ኑራ ከኮሌጅ ደብተሯን እንዳቀፈች ገባች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«ስካነሩ ነው ያጠቆረው» አለች ሳጂዳ፣ የተዘጋጀችበትን ውሸት። «ገና አልጨረስኩም።»

«ተዪው። እንዳትነኪው።»

ኑራ በሩን ገርበብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ የሳምንቱን ሁሉ ዘረገፈችው። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ትምህርቷን መጨረስ ትፈልጋለች፤ ሰውየውን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ አባባ ቃል ሰጥቷል፣ አልፈልግም የምትልበት አፍ ደግሞ የላትም።

«ወላሂ ሳጂ፣ ይሄን ፎቶ አላህ ነው ያመጣልኝ። እንዲህ ሆኜ ካየኝ ራሱ ይተወኛል። እኔም ከአባባ አልጣላም።»

«እንዲህ እንዴት?»

«እንዲህ ነዋ፤ ጥቁር።»

ክፋት አልነበራትም። የማን መልክ ፊቷ ላይ እንዳረፈ አልገባትም። የሳጂዳ ጆሮ ግን ጋለ። ልትጮኽባት ፈልጋ ምን ብላ ትጩኽ? ከጠዋት ጀምሮ እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። እህቷን ለማስጠላት ያገኘችው ነገር የገዛ ፊቷ ነው።

አትማ ብትሰጣት ሁለቱም የልባቸው ይደርሳል። ሳጂዳ ማተሚያውን አቆመችና የጠቆረውን ፎቶ ሳታስቀምጠው ዘጋችው። የመጀመሪያው ብቅ አለ፤ ኑራ እንደተፈጠረችው፣ ዓይን የማያስነቅል ቁንጅና። ቅናቱ እንደገና ወጋት።

«ምን አደረግሽ?»

«በእኔ መልክ አትሸኚውም። ካልፈለግሽው በአፍሽ ንገሪያቸው።»

«ላንቺማ ቀላል ነው፤ አንቺን የጠየቀ የለ» አለች ኑራ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ሳጂዳ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። የቀይዋን ፎቶ አትማ፣ ፖስታ ውስጥ ከትታ፣ ሂጂ ጅዳ ልትላት ጣቷ እስኪበላት ፈለገች። ማን ይወቅሳታል? የታዘዘችው ይህንኑ ነው። ኑራ አንገቷን ደፍታ የደብተሯን ጠርዝ ትልጣለች፤ እንባዋ ጠብ ጠብ ይላል። ስታለቅስም ታምራለች።

ሳጂዳ ኮምፒዩተሩን አጠፋችው።

«ፎቶውስ?» አለች ኑራ።

«አባባን እስክታናግሪው የማትመው የለም። አብሬሽ እቀመጣለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

«እማዬ ፎቶው የታለ ስትልስ?»

«እኔ ነኝ አላትምም ያልኩት እላታለሁ።»

«ቀንታ ነው ይሉሻል እኮ።»

«ቀንቻለሁ» አለች ሳጂዳ፣ ሻርፗን እያሰረች። «ተነሺ፣ አክስቱ ፎቶውን ልትወስድ ቤት ሳትደርስ እንቅደማት።»