የሐ ሦስተኛ እግር

ዳቦ ጋጋሪው የሬዲዮ ክበቡን በር ከፍቶ ሲገባ አስተማሪው መቀስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንቴና እየሳለ ነበር። ዞር ብሎ ሲያየው ጠመኔው እጁ ላይ ለሁለት ተሰበረ።

«ተሳስተሃል» አለው። «ጎሚስታው ታች ነው።»

«ለትምህርቱ ነው የመጣሁት።»

«ለየትኛው ትምህርት?»

«ለሬዲዮው። ጸሐፊዋ መዝግባኛለች።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አምስት ጀማሪዎች አንገታቸውን አዙረው አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን ያዩ ጀመር። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ምን እንደሆነ ባያውቁም ደህና ነገር እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። መቀስ የጠመኔውን ስባሪ ከመሬት አነሳና «ኋላ ተቀመጥ» አለ። ኋላ ወንበር አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው የባትሪ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠበት።

መቀስ ሠላሳ አራት ዓመት የስልክ መሥመር ሲዘረጋና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ቴክኒሻን ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የክበቡ አባላት ናቸው፤ ሰው ሲናገር ወሬውን አጋማሹ ላይ ቆርጦ ይጥልበታልና። ይሁን እንጂ በዚያ ከተማ አማተር ሬዲዮ የሚነካ ሰው ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ነው። ጀማሪዎችን የሚያስተምረው እሱ፣ የሚፈትነው እሱ፣ ወረቀት የሚያርመው እሱ። እሱ «አልፏል» ብሎ ማኅተም ካላሳረፈበት በቀር ማንም ሰው ፈቃድና የጥሪ ምልክት አያገኝም፤ ያለ ጥሪ ምልክት ደግሞ አየር ላይ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው።

ዳቦ ጋጋሪው የቀድሞ አማቹ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት፣ የስምንት ዓመት ልጁን ከትምህርት ቤት ላምጣ ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ መጠጥ ቤት ገባና እዚያው ቀረ። ልጅቱን በተዘጋው የትምህርት ቤት በር ሥር፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከቆመች በኋላ ያገኛት አያቷ መቀስ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሮ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ያለችው «አባዬ መጣ?» ብቻ ነው። ሳምባዋን ታማ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። እናትየው፣ የመቀስ አንድ ልጁ፣ ልጅቷ በዳነች በወሩ ትዳሯን አፍርሳ ሩቅ ያለ የማዕድን ካምፕ ውስጥ በነርስነት ተቀጠረችና ልጇን ይዛ ሄደች።

ካምፑ ውስጥ ስልክ ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይሞታል። በሠራበትም ቀን እናትየው የዳቦ ጋጋሪውን ቁጥር አታነሳም። መቀስ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። የልጅ ልጁ ለእረፍት በመጣች ቁጥር ሬዲዮ አስተማራት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ፈትኖ አሳለፋት፤ የራሱን መለስተኛ ሬዲዮ ጠቅልሎ ሰጣት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትጠራዋለች። መቀስ ሌላው ሁሉ ቢቀርበት አይከፋውም፤ የቅዳሜ አሥር ሰዓት ግን ነፍሱ ናት።

እንግዲህ ያቺን ልጅ በር ሥር ያስቀራት ሰው ነው ዱቄቱን ከቅንድቡ ሳያራግፍ ባትሪ ሳጥን ላይ የተቀመጠው።

መቀስ ሊያባርረው አልቻለም፤ ትምህርቱ ለማንም ክፍት ነው ይላል የክበቡ ደንብ። ስለዚህ ራሱ በቃኝ ብሎ እንዲሄድ ቆርጦ ተነሳ። ለሌሎቹ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ ለእሱ አራት ይጠይቃል። «የጋጋሪ እጅ! ማይክሮፎኑን እንደ ሊጥ አትጭመቀው!» ይለዋል። ሽቦ ሲበይድ ጣቱን ካቃጠለ «ምድጃ የለመደ ሰው ምን ይሆናል» ብሎ ፕላስተሩን ለሌላ ተማሪ ያቀብላል። አንድ ቀን ደግሞ ሞርስ የሚሉትን የፉጨት ፊደል ሲያዳምጡ እሱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን በእጥፍ አሳደገውና ዳቦ ጋጋሪው ባዶ ወረቀት አስረከበ። መቀስ ወረቀቱን ለክፍሉ ሁሉ ወደ ላይ አንስቶ አሳየ።

«እዩት፤ ነጭ ዱቄት» አለ። ሁለት ጀማሪዎች ሳቁ። ሌሎቹ ጫማቸውን አዩ።

ዳቦ ጋጋሪው ግን አልሄደም። ከንጋት ጀምሮ ሲጋግር ውሎ ይመጣል፣ ይሰደባል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። በሳምንቱ ያን ሞርስ በእጥፍ ፍጥነት ሰምቶ ጻፈው። መቀስን ከስድቡ ሁሉ በላይ ያንገበገበው ይሄ ነው፤ ሰውየው ትምህርቱ ገብቶታል።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘው።

«ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?»

«ልማር።»

«ከመጠጥ ወዳጆችህ ጋር በአየር ልትጨዋወት?»

«ካቆምኩ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፣ ጋሼ።»

«ጋሼ አትበለኝ! ልጅቷ በዚያ በር ላይ ስንት ሰዓት ቆመች?»

ዳቦ ጋጋሪው የደረጃውን ብረት ያዘ። «ሦስት ሰዓት» አለ። «ለሱ መልስ የለኝም። ከፈለጉ በየቀኑ ይጠይቁኝ፤ በየቀኑም መልስ የለኝም።»

መቀስ ትከሻውን ገፋ አድርጎት ወረደ። ያንለት ራቱን ሳይቀምስ አደረ ቢባል ሐሰት አይደለም፤ የተናደደው ግን በሰውየው ይሁን በራሱ አልለየለትም።

የነገሩ ፍሬ የወጣው በአሥረኛው ሳምንት ነው። መቀስ ደብተሮችን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ሲያርም ከዳቦ ጋጋሪው ደብተር አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ማንበብ አልነበረበትም፤ ጽሕፈቱን ግን ከሩቅ አወቀው። የልጅ ልጁ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ፈቃድህ ሲደርስ ከታች በጻፍኩልህ ሞገድ ጥራኝ። አባባ በጣም ጎበዝ አስተማሪ ነው። ሲቆጣ ዝም በለው።»

መቀስ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። የጠራችው እሷ ናት! በሩ ሥር ያቆማትን ሰው፣ እሱ በሰጣት ሬዲዮ፣ በእሱ ሰዓት። በዚያ ላይ «ሲቆጣ ዝም በለው»! ሰውየው እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ዝም ያለው ከትዕግሥት መስሎት ነበር፤ ለካ ታዞ ነው። ወረቀቱን እንደነበረ አጥፎ መለሰው። ለማንም አልተናገረም።

ፈተናው አርባ ጥያቄ ነው፤ ለማለፍ ሠላሳ ያስፈልጋል። መልሱ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እየተባለ በብዕር ይጻፋል። መቀስ ወረቀቶቹን ቤቱ ወስዶ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ሥር አረማቸው። ዳቦ ጋጋሪው ሠላሳ ሁለት አግኝቷል። ደግሞ ቆጠረ፤ ሠላሳ ሁለት። ብዕሩን አስቀመጠ፣ ተነስቶ ውኃ ጠጣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ መልሱ ለ ነው፤ ሰውየውም ለ ብሏል። መቀስ በሰማያዊ ብዕር በለ ሁለት እግሮች መካከል አንዲት ጭረት አወረደ፤ ለ ሐ ሆነ። አሥራ ስምንተኛውም ላይ እንዲሁ። ሠላሳ አንደኛውም ላይ እንዲሁ። ከዚያ በቀይ ሦስት ኤክስ አደረገና ጠርዙ ላይ «29፤ ወድቋል» ብሎ ጻፈ።

ውጤት በሚነገርበት ቀን ጸሐፊዋም ነበረች። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ናት፤ እሷም የመቀስ ተማሪ ነበረች። ከእሷ ጋር ጥሩምባ የሚሉት የክበቡ አባል፣ ባለታክሲ፣ ተቀምጧል፤ እሱ ሲያወራ ሬዲዮ አያስፈልገውም ይባላል። መቀስ የአምስቱን ማለፍ አነበበና ዶሴውን ዘጋ።

«የኔስ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ሃያ ዘጠኝ። ወድቀሃል። ምድጃህ ይጠብቅሃል።»

«ወረቀቴን ልየው?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ደንቡ ይፈቅዳል» አለች ጸሐፊዋ፤ ከዶሴው አውጥታም ሰጠችው።

ዳቦ ጋጋሪው ወረቀቱን በዝግታ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሦስት ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀና አለ።

«እነዚህን ሦስቱን እኔ አልጻፍኳቸውም።»

«ሰካራም የጻፈውን መች ያስታውሳል!» አለ መቀስ።

ከታች የጎሚስታው መዶሻ ብቻ ይሰማል። ዳቦ ጋጋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ብድግ ብሎ ጠረጴዛው ድረስ ሄደ፤ ጥሩምባም አብሮ ተነሳ፣ ይማታሉ ብሎ። ሰውየው ግን ወረቀቱን ጸሐፊዋ ፊት አስቀምጦ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ወደ ብርሃኑ አቅንታ ቆየች። ስትመለስ የመቀስን ዓይን ሳታይ ጣቷን ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አደረገች።

«የእሱ ሐ ሦስቱም እግሮቿ እላይ ይያያዛሉ። እነዚህ ሦስቱ ላይ መሃለኛዋ ተንጠልጥላለች። ቀለሙም ሌላ ነው። ጋሼ፣ ይቺ እግር የማን ናት?»

«እኔ አንቺን ከምንም አንስቼ...»

«አዎ፣ አስተምረውኛል። ሰነድ ላይ የጨመረ ፈታኝ ማኅተሙን ያስረክባል ብለው ደንቡን ያስጻፉኝም እርስዎ ነዎት።»

«ምን እንደሠራ ታውቂያለሽ? ልጁን ዝናብ ላይ ጥሎ...»

«እሱን ሄደው ለዳኛ ይንገሩ» ብላ ቆረጠችው። በሃያ ዓመት ውስጥ የመቀስን ወሬ ማንም ቆርጦት አያውቅም። «እኔ የጠየቅሁት ስለ እግሯ ነው።»

መቀስ ወደ ጥሩምባ ዞረ። ያ ጉሮሮው እንደ መኪና የሚጮህ ሰው በሹክሹክታ «ማኅተሙን አስቀምጥ፣ ወንድሜ» አለው። «የክበቡንም ቁልፍ።»

አስቀመጠ። ኮቱን ሲለብስ እጅጌው ጠፋው፤ ማንም አላገዘውም። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «ሁላችሁንም የሠራኋችሁ እኔ ነኝ» አለ። እውነት ነበር።

የዳቦ ጋጋሪው ፈቃድ በስድስት ሳምንት መጣ። መቀስ ይህን የሰማው ከሰው አይደለም። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ የልጅ ልጁን ሲጠብቅ፣ የእሱን ሳይሆን የማያውቀውን የጥሪ ምልክት ስትጠራ ሰማ። ከዚያ የዳቦ ጋጋሪው ድምፅ መለሰላት፤ እየተንተባተበ፣ ፊደል እየቆጠረ፣ ልክ እሱ እንዳስተማረው።

«አባዬ?» አለች ልጅቱ። ደንቡን ረስታ፣ ምልክት ሳትጠራ። «አባዬ፣ በደንብ ይሰማሃል? ቀጥል።»

«ይሰማኛል...» አለ ድምፁ።

መቀስ እጁ የሞርሱ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ አየው። የሌላውን ንግግር በድምፅ መሸፈን ፈቃድ የሚያሰርዝ ጥፋት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁልፉን ተጫነው፤ ጥርት ያለ ፉጨት ሞገዱን ሞላው። አልለቀቀውም። አሥር ሴኮንድ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ላብ በጆሮው ሥር ወረደ።

ለአፍታ ትንፋሽ ሲሰበስብ ጣቱ ላላ፤ በዚያች ክፍተት የልጅቱ ድምፅ ገባ። አልጮኸችም።

«አባባ፣ እጅህን አንሳ።»

መቀስ ደረቀ። እሱ በገዛ እጁ የገጣጠመው ማሠራጫ ሲጀምር እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ይላል፤ ሌላ ሬዲዮ እንዲያ አይልም። ይሄን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ሰምቼሃለሁ» አለች። «አሁን ከአባዬ ጋር ነኝ። ካንተ ጋር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ዝም በል።»

እጁን አነሳ። ሬዲዮውን መዝጋት ይችል ነበር፤ አልዘጋውም። የሚጠላው ሰው ስለ ጥርሷ፣ ስለ ትምህርቷ፣ ቁመቷ ስንት እንደደረሰ ሲጠይቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማ። ሰውየው አንድ ጊዜ ተራውን የሚያስረክበውን «ቀጥል» ማለቱን ረሳና ሁለቱም ይጠባበቁ ጀመር፤ መቀስ ባዶ ክፍል ውስጥ «ቀጥል በላት፣ አንተ ደንቆሮ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሰውየው «ያን ቀን በሩ ላይ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ልጅቱ «አውቃለሁ» አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ሰውየውም አልለመናትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእሱን ምልክት ጠራች፤ ሙሉውን፣ እንደ ባዕድ።

«ለምን?» አለችው። «ቀጥል።»

መቀስ ስለ ዝናቡ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ዝናቡ ሥር የቆመችው ግን እሷ ነበረች፣ ምን ይነግራታል? ስለዚህ ስለ ሦስቱ ፊደሎች ነገራት። ሰባተኛውን፣ አሥራ ስምንተኛውን፣ ሠላሳ አንደኛውን። ማኅተሙን እንዳስረከበም ነገራት። ስለ ፉጨቱ ሊናገር ጀምሮ ተወውና «ከአባትሽ ጋር መነጋገርሽን እናትሽ አታውቅም» አለ፤ እንደ ማስፈራራት ሆኖበት ወዲያው አፈረ።

ሞገዱ የጠፋ መስሎት የመለኪያውን መርፌ አየ፤ መርፌው ደህና ነው።

«ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ። ሰላምታ ሳትጨምር፣ «አባባ»ም ሳትል፣ ምልክቷን ተናግራ ዘጋች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሬዲዮው ፊት ተቀመጠ። የሞርሱን ቁልፍ ከማሠራጫው ነቅሎ ሌላ ክፍል ወስዶ አስቀምጦት ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አልጠራችውም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ላይ ጠራችው።