የዔሊዋ ሁለት ግማሾች

ወንድሞቼ የተኳረፉት በጎማ ብዛት ነው። የእውነተኛ መኪና ጎማ ቢሆን እንኳን ደግ ነበር። መኪናዋ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ሬዚን ከሚባል ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ ሠርተን የምንሸጣት መጫወቻ ናት። ትልልቅ ሰዎች ዳይስ እየወረወሩ፣ ማንም ረግጦት በማያውቅ ፕላኔት ላይ ትዋጋለች ብለው ጠረጴዛ ላይ ይገፏታል። ስሟ ዔሊ ነው። ጀርባዋ ላይ መድፍ፣ ሆዷ ስር ጎማ አላት። ስንት ጎማ? ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ታናሽየው፣ ፍንጭት የምንለው፣ ስምንት ጎማ አድርጎ ቀረጻት። ታላቅየው ጋሼ ደግሞ ቀጫጭኖቹ ጎማዎች እየተቆረጡ ቢያስቸግሩት፣ ፍንጭት በሌለበት ስድስት ወፋፍራም ጎማ አድርጎ ለወጣቸውና በዚያው አዲስ ፎርማ ሠራ። ፍንጭት መጥቶ ሲያይ ደሙ ፈላ። ዋናዋን ዔሊ፣ ፎርማው የተሠራባትን፣ አንስቶ ከግድግዳ ጋር አላትሞ ሰበራት። ጋሼ "ውጣልኝ!" አለ። ፍንጭት ወጣ፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮም ክፍል ተከራየ።

እኔ መሀለኛዋ እህታቸው ነኝ። እነሱ ያወጡትን ቀለም እቀባለሁ፤ ሲጣሉ ደግሞ መልእክት አመላልሳለሁ። ሁለተኛው ሥራዬ ይበዛል።

የወርክሾፑን ዕቃ ያካፈለቻቸው እማዬ ናት። ፎርማ ማለት ከሲሊኮን የሚሠራ፣ ሁለት ግማሽ ያለው ቅርጽ ማውጫ ነው፤ ላይኛው የመኪናዋን ጀርባ ታችኛው ሆዷን ይይዛል፣ ይገጠሙና ሬዚን ይፈስበታል። እማዬ "እኩል ነው የማካፍላችሁ" አለችና ላይ ላዩን ለጋሼ፣ ታች ታቹን ለፍንጭት ሰጠች። ሁሉንም! ግማሽ ፎርማ ብቻውን የሳሙና ማስቀመጫ እንኳን በቅጡ አይሆንም። ይህን ለማስተካከል ግን አንዱ ሌላውን ማናገር ነበረበት፤ እነሱ ደግሞ ከሚነጋገሩ ምላሳቸው ቢቆረጥ ይመርጡ ነበር። እንደ ቁም ነገር ግማሽ ግማሻቸውን ታቅፈው ተለያዩ። እማዬ ሆን ብላ ይሁን ሳታውቅ፣ ጠይቄያት አላውቅም። ያኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ወራት ሲያልፉ ሳቁ ጠፋ። ጋሼ ቤታችን ጓሮ ያለው ወርክሾፕ ውስጥ ተቀምጦ የሬዚን ጣሳ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ያዛውራል። ፍንጭት ሞባይል ጥገና ገባ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ፣ በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ አለኝ። የእኛ ቤት ሰው ኩርፊያ ይዞ ከሄደ ሄደ ነው፤ አጎታችንን ያየንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መኪናዎቹ ጉዳዬ አልነበሩም። ወንድሜን ላጣው ነበር።

ጄኔራሉ የምንለው ደንበኛችን የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ጄኔራሉ ቀን ቀን መድኃኒት ይሸጣል፤ እሁድ እሁድ ጠረጴዛ ላይ ጦር ይመራል። የእሱ ዔሊ፣ ሚስቱ ወንበር አስቀምጣባት፣ ደቅቃበታለች፤ ምትክ ይፈልጋል። ደስታዬን ደብቄ ወደ ጋሼ ሄድኩና "ግማሹን ስጠኝ" አልኩት።

"እሱ እጅ ሊገባ? በጭራሽ! ራሴ እይዘዋለሁ።"

ፍንጭት ዘንድ ስሄድ ቃል በቃል ያንኑ አለኝ። የአንድ እናት ልጆች!

ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፑ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆሙ።

"ወንድምሽን ግማሹን ይጥረገው በይው" አለኝ ጋሼ።

"ጠርጌዋለሁ በይው" አለኝ ፍንጭት።

አልደገምኩላቸውም፤ ሁለቱም ጆሮ አላቸው። ጋሼ ሁለቱን ፈሳሽ ለክቶ ቀላቀለ። ከተቀላቀለ በኋላ ሬዚን ማንንም አይጠብቅም፤ ደቂቃዎች ሳይሞሉት ይደርቃል። ፎርማውን ሲገጥሙት ግን አልገጥም አለ። የጋሼ ግማሽ የውሃ በርሜል ስር ከርሞ ተጠፍጥፏል፤ የፍንጭቱ ደግሞ ቁም ሳጥን አናት ላይ ቆይቶ ተጣሟል። በላስቲክ አሰሩት፣ ላስቲኩ ሸሸ። በሞርሳ አጠበቁት፣ አንዱ ጎን ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። ጋሼ ጥርሱን ነክሶ አፈሰሰው። ሬዚኑ በመጋጠሚያው በኩል ጠረጴዛው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

ፍንጭት ፎርማውን ከሞርሳው አውጥቶ በሁለት እጁ ጨመቀው። አልበቃም። ጋሼ ዞሮ መጣና እጆቹን ከፍንጭት እጆች በላይ ጫነ።

"እንዳትለቅ!" አለ ጋሼ። ለእኔ መስሎኝ ነበር።

"አንተ እንዳትለቅ!" አለው ፍንጭት።

ሬዚን ሲደርቅ ይግላል፤ ሙቀቱ ሲሊኮኑን አልፎ ይሰማል። የፍንጭት ግንባር ላይ ላብ አቸፈቸፈ፤ ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። ማንም አልለቀቀም። ጨርቅ ይዤ እንደ ቆምኩ እንባዬ መጣ፤ በጨርቁ ልጠርገው ስል ሬዚን ነካክቶት ኖሮ ጉንጬ ላይ ተለጠፈ።

ዔሊዋ ጉደኛ ሆና ወጣች። መድፏ ወደ ግራ፣ ጎማዎቿ ወደ ቀኝ። ለጄኔራሉ ቀርቶ ለጠላቱም አትሰጥም። ፎርማውም ሲላቀቅ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ። ከእንግዲህ የሚካፈሉት የዔሊ ፎርማ አልነበረም።

ፍንጭት ዔሊዋን አገላብጦ አያት። "እንደ አዲስ ልቅረጻት" አለ። "ሁለት ወር ትፈጅብኛለች።"

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። "በቃ ስምንት ጎማ ይሁን።"

"ስምንቱማ ይቆረጣሉ። ስድስት ይበቃል።"

"ስምንት አልኩህ!"

"ስድስት ነው፣ ጋሼ! አትሰማም እንዴ?"

እየጮሁ ትቻቸው ወጣሁ። እማዬ ሳሎን ሬዲዮኗ አጠገብ ተቀምጣለች። ጩኸት አትወድም፤ ዕድሜ ልካችንን "ድምፃችሁን ቀንሱ" ስትለን ነው የኖረችው። እንዳትደነግጥ ላስረዳት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ። ሬዲዮው ጠፍቷል።

"ዝም በይ" አለችኝ፣ "እስኪ ልስማቸው።"